ጉልበቴ የማን ዘር ነው?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊፍት የለንም። ውኃውም እንደ እኛው ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋልና ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደረጃውን መያዝ የኑሯችን ክፍል ነው። ሃያ ሊትር ማለት ሃያ ኪሎ ነው፤ የቀረው ጭነት የራሴ ቦርጭ ነው። ከ206 አጥንቶቼ መካከል ቀድመው አቤቱታ ያሰሙት የቀኝ ጉልበቴ አጥንቶች ሆኑ። ቋ ቋ ማለት ሲያበዙ ራጅ ተነሣሁ። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ዘርግቶ፣ «ፋዘር፣ አያስፈራም፤ ልም አጥንቱ ትንሽ ሳስቷል። ከቤተሰብ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አለ?» አለኝ።

ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። የአባቴ ወገኖች ማን ከማን እንደተወለደ አንዲት ስም ሳያዛንፉ ያወርዱታል፤ ማን እያነከሰ እንደኖረ ግን የያዘ የለም። ስለዚህ ቆጠራውን ራሴ ቀጠልኩ። ሰባት ቤትን አልፌ፣ አባይንም አዋሽንም አልፌ፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ደረስኩ።

ሐዳር ሲባል ሁሉም ሰው ድንቅነሽን ይጠራል። ከእሷ በፊት የተገኘው ግን ጉልበት ነበር። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የአንድ የጭን አጥንት ታችኛውን ጫፍና የአንድ የቅልጥም አጥንት ላይኛውን ጫፍ ከመሬት አነሣ። ሲያጋጥማቸው ገጠሙ፤ ግን በአንድ መስመር አልቆሙም፣ ዘመም አሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ዘመምታ ላይ ነው። የቺምፓንዚ ጭን ከዳሌው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሁለት እግሩ ልሂድ ካለ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ነው። የእኛ ጭን ግን ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ውስጥ እያጋደለ ስለሚወርድ ጉልበቶቻችን ይቀራረባሉ፤ አንዱን እግር ባነሣን ቁጥር ክብደታችን በቆመው እግር ላይ ይረጋል።

ጆሃንሰን ያነሣው ጉልበት የሰው ዓይነት መሆኑን ለማረጋገጥ ማነጻጸሪያ የሰው አጥንት አስፈለገው። ከየት አመጣው? ራሱ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ በአቅራቢያው ከነበረ የአፋሮች መቃብር የጭን አጥንት አነሣ። እኔ የሟቹ ዘመድ ብሆን ሽማግሌ እልክበት ነበር። ለማንኛውም ሁለቱ ዘመም ያሉት እኩል ነበር። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ጉልበት ቆሞ የሚሄድ ፍጡር ጉልበት ሆኖ ተገኘ።

በዓመቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያው ጆሃንሰን ከቶም ግሬይ ጋር ድንቅነሽን አገኘ። በዋዜማው ሌሊት ደርግ አዲስ አበባ ላይ 60ዎቹን ባለሥልጣናት ረሽኖ ነበር። አገር የማታውን ሬሳ ቆጥራ ሳትጨርስ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሟች ተጨመረችላት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነው፤ የተገኘላት አጥንት አርባ በመቶ ያህሉ ነው። ጉልበቷም ያችኑ ዘመምታ ይዟል። በ2008 ዓ.ም. የቴክሳስ ተመራማሪዎች ስብራቶቿን መርምረው «የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ ሳይሆን አይቀርም» ቢሉም ጆሃንሰንና ሌሎች «ከሞተች በኋላ የተሰበረ አጥንት ነው» ብለው አልተቀበሏቸውም። እኔ በክርክሩ አልገባም። 12 ሜትር ግን የእኔ በረንዳ ከፍታ ነው፤ ልብስ ሳሰጣ ትዝ ትለኛለች።

እንግዲህ ዘሬን አገኘሁ ብዬ ልረካ ስል ነገሩ ተበላሸ። ለካስ ሕፃን ሲወለድ ጭኑ ቀጥ ያለ ነው! ዘመምታው የሚመጣው ዳዴውን ትቶ፣ እናቱ «ወፌ ቆመች» እያለች እጆቹን ለቃው፣ ወድቆ ተነሥቶ መራመድ ሲጀምር ነው። ጨርሶ ለመራመድ ያልታደሉ ልጆች ጭን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። የጉልበት ሎሚም ስንወለድ ልም አጥንት ብቻ ናት፤ ወደ አጥንትነት የምትለወጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ድንቅነሽ ያወረሰችን ያለቀለት ጉልበት አይደለም፤ እያንዳንዳችን በእግራችን ሄደን የሠራነው ነው።

ሠርተንም አንጨርስም። አጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች አሉ፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ መንገድ ዘወትር ይቆፈራል፣ ልዩነቱ እዚህ የሚደፍነው ከቆፋሪው ኋላ ወዲያው መምጣቱ ነው። ጭነት ያረፈበት ይጠነክራል፣ ሥራ የፈታው ይሳሳል። ጠፈርተኞች ደረጃም ጀሪካንም በሌለበት ሲንሳፈፉ ከዳሌና ከጭን አጥንታቸው በወር አንድ በመቶ ገደማ ያጣሉ። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ደግሞ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ከክብደታችን ሦስት እጥፍ በላይ ነው። የእኔን ቦርጭ በሦስት አባዙልኝ።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም የሚዳረሰው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። ሐኪሙም ያዘዘልኝ ክኒን ሳይሆን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ መነሣትና መቀመጥ ነበር፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበትን ያግዛል አለ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ ግን ቀድመውት ነበር፦ «አይ ልጄ፣ ስግደት ትተህ ነው የዛገው!» በሁለቱ ምክር መካከል ያየሁት ልዩነት የካርድ ዋጋ ነው። በአንድ ቀን ፋዘርም ልጅም ተባልኩ።

እኔ ስነሣ ስቀመጥ እከርማለሁ። የሚያሳስበኝ የሕንፃችን ሕፃናት ናቸው። በመካከላችን ያለችው ሜዳ ለእነሱ ተብላ የተተወች ነበረች፤ ዛሬ ጥግ እስከ ጥግ መኪና ቆሞባታል፤ ልጆቹ በእናቶቻቸው ጀርባ ወርደው በእናቶቻቸው ጀርባ ይወጣሉ። ገና ጭናቸው ዘመም አላለም፣ ሎሚያቸውም አልጠነከረችም። ጎረቤቶቼ፣ ስለ ድንቅነሽ ብላችሁ፣ መኪናችሁን ትንሽ ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጉላቸው።