ስምሽ ውሉ ላይ ይስፈር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እማማ ውርጩ ገብሱን እንዳይመታባት ስትጸልይ ያንቺንም ስም ታነሳለች።

ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር በደባልነት ቤት መያዝሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ የአዲስ አበባን ኪራይ ብቻሽን አትችይውም። ውሉን የፈረመችው አንዷ ብቻ ናት ማለትሽ ግን አሳስቦኛል። ድርሻሽን በየወሩ በእጇ ትሰጫታለሽ፤ አከራይዋ አታውቅሽም። ልጅቷ ነገ አግብታ ብትወጣ፣ ቅድሚያ የከፈልሽው ገንዘብ ያንቺ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?

እዚህ ሙጃ ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ወረቀት የላቸውም። ሆኖም የቤቱ ባለቤት ወላጆቻቸውን ታውቃለች፤ ነገር ቢበላሽ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንቺ ያለሽበት ሰፈር ማን ሽማግሌ ሊሆንሽ ነው?

የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ፈልጊና አንብቢው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በደላላ በኩል የ6 ወር አምጡ ያለ አከራይ ሕግ ጥሷል። ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ስሙ ውሉ ላይ ለሰፈረ ተከራይ ነው።

ስምሽ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሸክም ይመጣል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1896 መሠረት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ አብረው የተዋዋሉ ባለዕዳዎች በአንድነትም በነጠላም ይጠየቃሉ። አንዷ ከሥራ ወጥታ መክፈል ቢያቅታት፣ አከራይዋ የሦስታችሁንም ኪራይ ካንቺ ልትጠይቅ ትችላለች። እያንዳንዳችሁ ለድርሻችሁ ብቻ እንድትጠየቁ ውሉ ላይ ይጻፍ። አከራይዋ እምቢ ካለች እናንተው በመካከላችሁ ተስማሙ፦ ማን ስንት ያወጣል፣ መብራትና ውሃው እንዴት ይከፈላል፣ የምትወጣዋ ከስንት ጊዜ በፊት ታሳውቃለች። ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ጓደኛዬን የጠረጠርኳት ይመስላታል ብለሽ እንደምታፍሪ አውቃለሁ። እኔም አልጠረጥራትም። ብቻዋን በመፈረሟ ግን ለሦስታችሁም ኪራይ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ወረቀቱ ለእሷም እፎይታ ነው። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።

በዚህ ሳምንት ከአከራይዋ ጋር ተነጋገሩና፣ ወረዳ ሄዳችሁ ውሉን በሦስታችሁም ስም አስመዝግቡ። ሲያልቅ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ።

ወንድምሽ
ከሙጃ