የመጋቢት 11 ሁለት መዝገቦች፦ ፀሐይና ዝናብ



ዛሬ ስለ አንዲት ቀን እናውጋችሁ፤ ስለ መጋቢት 11። በአብዛኛው ዓመት ቀንና ሌሊት የሚስተካከሉት በዚህች ቀን አካባቢ ነው። ስለ እሷ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ። አንዱ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትወጣና እንደምትጠልቅ ይናገራል። ሌላው ባለፉት ዓመታት በዚያ ቀን ምን ያህል ሙቀትና ዝናብ እንደነበረ። ሁለቱም ቁጥር ናቸው፤ እኛን የሚያስተምሩን ግን ለየቅል ነው።

ከፀሐዩ እንጀምር። መጋቢት 11 አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ከ29 አካባቢ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ከ36 አካባቢ ትጠልቃለች። ቀኑ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያህል ነው ማለት ነው። በዚህ ሰሞን ቀኑ በየዕለቱ የሚረዝመው በግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ያየነው ሰዓት ዘንድሮም ያው ነው፤ የዛሬ 50 ዓመት የሚሆነውንም ዛሬ ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። አላህ በሱረቱ ረሕማን ፀሐይና ጨረቃ በስሌት እንደሚሄዱ ነግሮናል። መዝገቡ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ብዙ! በ2016 እና በ2017 ረመዳን መጋቢት 11ን ይዞ ነበር። በየከተማው ብዙ ቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን የመግሪብ አዛን ይጠብቃል። ነገር ግን ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የምትሄደው። ድሬዳዋ ላይ ከአዲስ አበባ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። ጅማ ላይ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ትዘገያለች፤ ጋምቤላ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ። የድሬዳዋው ሰው በአዲስ አበባ አዛን ቢያፈጥር ፆሙ አይጎዳም፤ ማፍጠርን ማፋጠን የሚባለው ሱና ግን ያመልጠዋል። የጅማው ወንድማችን ግን በዚያ አዛን ተምሩን ካነሳ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም! ጠልቃለች ብሎ አስቦ አፍጥሮ ኋላ አለመጥለቋን ያወቀ ሰው፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ያንን ቀን ቀዳ ያውጣ ይላሉ። ሰባት ደቂቃ እንዲህ ቀላል አይደለችም። ስልካችሁ ላይ ያለውን የሶላት ሰዓት ማሳያ ከፍታችሁ የተመረጠው ከተማ የእናንተ መሆኑን ዛሬውኑ እዩ።

ስልክ የሌለውም አልተቸገረም። አንድ ሜትር የሆነች ቀጥ ያለች ዱላ ሜዳ ላይ ትከሉ። አዲስ አበባ ውስጥ መጋቢት 11 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ32 አካባቢ ጥላዋ እጅግ ያጥራል፤ 16 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ መዘርጋት ሲጀምር ዙህር ገባ። ጥላው የዱላውን ርዝመት በዚያች 16 ሳንቲሜትር ላይ ሲጨምር፣ ማለትም አንድ ሜትር ከ16 ሲሆን፣ በሻፊዒይ መዝሀብ አስር ገባ። ሚያዝያ 5 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትሆን በዚያች የቀትር ሰዓት ዱላዋ ጥላ የላትም ማለት ይቻላል። ኪታብ ላይ «የዘዋል ጥላ» እያልን የምንቀራው ይኼው ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው መዝገብ እንሂድ። የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች የአንድን ቦታ «የተለመደ» ሙቀትና ዝናብ የሚያወጡት የ30 ዓመት ልኬት ደምረው አማካይ በመውሰድ ነው። መጋቢት የበልግ ወር ነው፤ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። የወሎ ደጋ ገበሬ ብዙ ተስፋውን የሚጥለው በዚሁ ዝናብ ላይ ነው። ግን አማካይ ማለት ቃል ኪዳን አይደለም። አንዱ ዓመት መጋቢት 11 ጎርፍ ያወርዳል፣ በሌላው ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ይውላል። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ሰባ ሰባትን ያዩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁታል፤ ለእነሱ ቁጥር ሳይሆን የቀበሩት ሰው ነው።

አንድ ወጣት ከሶላት በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ኡስታዝ፣ ዝናብ ይኑር አይኑር ትንበያው ከነገረን ሶላተል ኢስቲስቃእ ለምን ያስፈልጋል?»

ጥያቄው መልካም ነው፤ በቁጣ መመለስ የለበትም። ትንበያ እንደ ሐኪም ምርመራ ነው። ሐኪሙ በሽታህን ሲነግርህ መድኃኒቱን ትወስዳለህ፣ ዱዓም ታደርጋለህ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ሳሉ አንድ ሰው ስለ ድርቁ ነግሯቸው ዱዓ አደረጉ፣ ዘነበም። በቀጣዩ ጁሙዓ ዝናቡ በዝቶ ንብረት ሲያጠፋ ደግሞ በዙሪያችን እንዲሆንልን ብለው ለመኑ። ትንበያው ደመናው ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል፤ አንተ የምትለምነው የደመናውን ባለቤት ነው።

ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር ይገባናል። አላህ ሶላታችንን በፀሐይ ላይ አሰረው፤ ፀሐይ አታረፍድምና ማንም «ሰዓቱን አላወቅኩም» ብሎ ማመካኛ የለውም። ሲሳያችንን ደግሞ ዓመት በመጣ ቁጥር በሚለዋወጠው ዝናብ ላይ አደረገው፤ እጃችንን ዘርግተን እንድንለምን። በመጀመሪያው ሰዓት ማክበርን፣ በሁለተኛው ተወኩልን እንማራለን። ሰዓት እያሳለፈ ስለ ሲሳዩ ብቻ የሚጨነቅ ሰው ነገሩን ገልብጦታል።

ከቀደምቶቻችን ኢብኑ ሻጢር በደማስቆ የኡመያድ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ሰዓት ጠባቂ ነበር። በ773 ዓመተ ሂጅራ ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የጥላ ሰዓት ሠራ። ለእሱ ሰማዩን መለካት ከመስጂድ ኺድማ የተለየ ሥራ አልነበረም። እናንተም ደረሶችና ተማሪዎች፣ ከእያንዳንዱ መስጂድ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዱላ ትከሉና የከተማችሁን ጥላ መዝግቡ። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ሜዳ ላይ አኑራችሁ ዝናቡን በማስመሪያ ለኩ፤ አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉት። ከዓመታት በኋላ ታናናሾቻችሁ ያነቡታል።

አላህ ሰዓታችንን የምናከብር፣ በረሕመቱም ተስፋ የማንቆርጥ ያድርገን። ለገበሬዎቻችን የሚጠቅም እንጂ የማይጎዳ ዝናብ ይስጥልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።