ወፍ ጠባቂዎች፦ ከማሽላ ማሳ እስከ ኤይላት ተራራ

የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ ከኤይላት ከተማ በላይ ባሉት ራቁት ተራሮች ላይ፣ ታጣፊ ወንበር የዘረጉ ሰዎች ይታያሉ። አንገታቸው ላይ ባይኖኩላር፣ ጭናቸው ላይ ማስታወሻ ደብተር፣ መዳፋቸው ውስጥ በአውራ ጣት የሚጫን መቁጠሪያ አለ። ዓይናቸው ከሲና በረሃ አይነቀልም። በማለዳ ብዙም የሚመጣ የለም። ፀሐይ አለቱን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ግን ሰማዩ በንስርና በጭልፊት ይሞላል። ቆጣሪዎቹ ዝርያውንና ብዛቱን በየሰዓቱ እየጻፉ እስከ ማምሻው ይቆያሉ።

በወቅቱ መጀመሪያ ከሚያልፉት መካከል ዋነኛው ስቴፕ የሚባለው ቡናማ ንስር ነው። በካዛክስታን ባንዲራ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚታየው እሱ ነው። የሚራባውም በዚያው አገርና በደቡብ ሩሲያ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ነው። ብርዱን ሸሽቶ ከሚከርምባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሲመጣ ከየመን ተነስቶ ጠባቡን የባብ ኤል መንደብ ባሕር በመሻገር ጅቡቲ ይገባል። ሲመለስ ደግሞ መንገድ ቀይሮ በሱዳንና በግብፅ በኩል ያቀናና በሱዌዝና በኤይላት ይወጣል። ስለዚህ የኤይላቱ ቆጣሪ የሚመዘግበው ንስር ጥር ላይ በሸዋ ወይም በአርሲ ማሳ ምስጥ ሲለቅም፣ ወይም ከከተማ ዳር ባለ ቆሻሻ መጣያ ላይ ከጥንብ አንሳ ጋር ሲሻማ የከረመ ሊሆን ይችላል።

በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ ተብሎ ይገመታል። ምክንያቱ አቀማመጧ ነው። ሽመላ፣ ንስርና ሌሎች ከባድ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ መሄድ ያደክማቸዋል። ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ተሽከርክረው ከፍ ይሉና ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ሜዲትራኒያንን ዞረው፣ አፍሪካንና እስያን በምታገናኘው ጠባብ የብስ በኩል ያልፋሉ። የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍልም በዚያው ነው። ዝዋይንና አብያታን ያቀፈው ሸለቆ የሙት ባሕርንና የዮርዳኖስንም ወንዝ ይዟል።

ሽመላ የሚጓዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ነጩ ሽመላ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ ተነስቶ አፍሪካ የሚከርመው መንጋ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ አብዛኛውም በእስራኤል በኩል ያልፋል። የጀርመን ተመራማሪዎች «ልዕልቲቱ» ብለው በሰየሟት አንዲት ሽመላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የሳተላይት መሣሪያ አስረው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እስከሞተችበት እስከ 2006 ድረስ ጉዞዋን ለዓመታት ተከታትለዋል።

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ልጆች ሽመላን የሚያውቁት ግን ከሳተላይት በፊት ነው። በጎንደርና በዙሪያው ባሉ መንደሮች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች እየተከተሉ ይዘፍኑለት፣ የኢየሩሳሌምንም ደህንነት ይጠይቁት ነበር። በሳይንስ ዓይን ሲታይም ጥያቄው ከቦታው አልራቀም፤ በመጋቢት ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንጋ መንገዱ በእርግጥ በዚያች አገር በኩል ነው። ጠያቂዎቹም ተከትለውት ሄዱ። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ ብዙዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጉዘዋል። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያለው ማኅበረሰብ ከ160,000 በላይ ነው። ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በአፉላ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ላይ ሽመላው በጸደይ ወራት ወርዶ ይለቅማል፣ ያድራልም።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገሮች ልማድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ የሚጎላው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወፍ የሚታየው ወቅትን ለማወቅ ወይም እህልን ለማዳን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው በየሣሩ ጫፍ ብቅ የሚሉት ትንንሽ ወፎች የመስቀል ወፍ ይባላሉ። ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ አይደሉም። ወንዶቹ ለመራቢያ ወቅት ላባቸውን ቀይረው ነው እንጂ፣ የቀረውን ጊዜ እንደ ሴቶቹ አፈርማ መልክ ይዘው እዚያው ይኖራሉ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ በመስቀል ወፍ የሚታማውም ለዚህ ነው።

ማሽላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ይጀመራል። ልጆች ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወንጭፍ ያወናጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ይጣራሉ። ወፉ የሚበረታው ጠዋትና ማታ ስለሆነ ልጁም በነዚያ ሰዓቶች ማማውን አይለቅም። በቆላው አገር የሚፈራው ግሪሳ ነው። ክብደቱ 20 ግራም ገደማ የሆነው ይህ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። አንድ ሚሊዮን ሆኖ የወረደ መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ይጨርሳል ማለት ነው። ሲብስ ማደሪያው ላይ በአውሮፕላን መርዝ ይረጫል። መርዙ ግን ግሪሳውን ብቻ ለይቶ አይገድልም፤ ሌሎች ወፎችንም ይጨምራል።

ገበሬው ሁሉንም ወፍ ጠላት አያደርግም። ሽመላ አንበጣና ተምች ስለሚለቅም በማሳው ላይ ሲራመድ የሚያባርረው የለም። የማማው ልጅም በጆሮው ብቻ ወፍ ይለያል፤ የትኛው እህል እንደሚበላ፣ የትኛው ትል እንደሚለቅም፣ የትኛው ዝናብ ቀድሞ እንደሚመጣ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ግን በብዛት የሚኖረው በቃል ነው። አምና ስንት መጣ፣ ዘንድሮስ መቼ መጣ ተብሎ ከማሳው ጋር የሚወረስ መዝገብ የለም።

እስራኤል ውስጥ ወፍ መጠበቅ የመዝገብ ሥራ ሆኗል። መነሻው የተፈጥሮ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የጦር አውሮፕላኖች ጉዳይም ነበር። ከወፍ ጋር የሚደረግ ግጭት ለአየር ኃይሉ ከባድ ኪሳራ ሲሆን፣ ዮሲ ሌሼም የተባለው የአእዋፍ ተመራማሪ በ1980ዎቹ በሞተር ተንሸራታች አውሮፕላን መንጋዎቹን እየተከተለ የሚሄዱበትን መስመር፣ ሰዓትና ከፍታ አጠና። መንጋው በየዓመቱ በተቀራራቢ ቀንና መንገድ ስለሚመላለስ፣ አየር ኃይሉ በነዚያ ቀናት ዝቅ ብሎ መብረርን ገደበ፤ ግጭቱም በእጅጉ ቀነሰ። ከጊዜ በኋላ በላትሩን የወፎችን ጉዞ የሚከታተል ራዳር ተተከለ።

ኢየሩሳሌም ውስጥ በፓርላማው በክኔሴትና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል ትንሽ የወፍ መመልከቻ ጣቢያ አለ፤ የተቋቋመው በ1994 ነው። በጸደይ ማለዳ ባለሙያዎች በስስ መረብ የያዟቸውን ትንንሽ ወፎች ይመዝናሉ፣ ክንፋቸውን ይለካሉ፣ ቁጥር ያለው ቀለበት እግራቸው ላይ አስገብተው ይለቋቸዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ 10 ግራም እንኳ የማይሞሉና ሰሃራን አቋርጠው የመጡ ናቸው። ኤይላት ያለው የወፎች ማዕከል ደግሞ የተሠራው ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ላይ ነው፤ አገር በቀል ቁጥቋጦ ተተክሎበት፣ ከበረሃው ለሚወጡ ደካማ ወፎች የመጀመሪያ ማረፊያ ሆኗል። ከ2014 ጀምሮም በመጋቢት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ቡድኖች በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ ዝርያ ለማየት ይወዳደራሉ፤ በዚያውም ለወፎች ጥበቃ ገንዘብ ይሰበስባሉ።

መቁጠሩ ምን እንደሚጠቅም ከስቴፕ ንስር ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1985 ጸደይ ኤይላት ላይ 75,000 ያህል ተቆጥረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ ወርዷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መደበው። ከሚገድሉት ነገሮች መካከል መርዝ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የሚራባበት የሣር ሜዳ መታረሱ ይገኙበታል። ያ ሁሉ ደብተር ባይኖር ኖሮ ማሽቆልቆሉን በእርግጠኝነት ማሳየት ባልተቻለ ነበር።

የገበሬና የወፍ ጠብ እስራኤልም ውስጥ አለ። በሰሜን የሚገኘው የሁላ ሸለቆ በ1950ዎቹ ረግረጉ ተጠንፍፎ እርሻ ሆኖ ነበር፤ በ1990ዎቹ ከፊሉ እንደገና በውኃ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች በአሥር ሺዎች መክረም ጀመሩ። ገበሬዎቹ የለውዝና የሌላ ሰብል ጉዳት ሲበዛባቸው የደረሱበት መላ ማባረርና መቀለብ ነው። ከማሳ እያባረሩ፣ ለብቻው በተለየ ሜዳ ላይ በትራክተር በቆሎ ይበትኑላቸዋል። ትራክተሩን ስለለመዱት አይሸሹም፤ ጎብኚዎችም በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ውስጥ ሆነው በቅርብ ያዩአቸዋል። ዘዴው ችግር የለበትም ማለት አይደለም። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን በሽታ ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሸለቆው ውስጥ አልቀዋል። ያን ያህል ወፍ አንድ ቦታ ላይ መሰብሰቡ በሽታውን እንዳፋጠነው ብዙ ባለሙያዎች ተናግረዋል።

እነዚህኑ ክሬኖች ጣና ዳር ያለ ገበሬ በደንብ ያውቃቸዋል። ከኅዳር ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ከአጨዳ የተረፈውን እህል ይለቅማሉ፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው በጨለለቃም የታወቁ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ትራክተር ሙሉ በቆሎ የሚበትንላቸው የለም፤ በሜዳው ላይ ተበትነው የሚውሉት ቃርሚያውን በሚለቅሙ ከብቶችና በእረኞች መካከል ነው። በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጣና ባዮስፌር ክልል ለዚህ ዓይነቱ ጉርብትና ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ ሜዳው ከቀረ ግን መዝገቡ ብቻውን ወፍ አያሳድርም።

መዝገብ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለትም አይደለም። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ በጥር ወር በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ ሲሳተፍ ቆይቷል። ነገር ግን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ላለው ሰፊ አገር ቆጣሪው ጥቂት ነው። ኤይላት ላይ የአንድ ንስር ማለፍ በሰዓትና በደቂቃ ሲጻፍ፣ ያው ንስር ወራት የከረመበት መሬት ላይ የገጠመው ነገር ሳይታወቅ ይቀራል። የዚህ መንገድ ሁለት ጫፎች እኩል አልተጻፉም።

ጉድለቱን በከፊል ሊሞሉ የሚችሉት ሁለቱንም ጫፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በአፉላ፣ በሐዴራ፣ በአሽዶድ ወይም በኔታንያ የሚኖሩ የስድሳና የሰባ ዓመት የቤተ እስራኤል አዛውንት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ማማ ላይ የዋሉ ናቸው። ሽመላው በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ የትኛው ማሳ ላይ እንደሚያርፍ፣ ያኔ በዝቶ አሁን የቀረው የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በትምህርት ቤት ስለወፎች ጉዞ ይማራሉ፤ የሳተላይት ካርታም በስልካቸው ላይ ይከፍታሉ። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ አብረው የቆሙበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች፣ በመጋቢት አንድ ዓርብ ጠዋት አያቶችንና ልጆችን ይዛችሁ ወደ ሁላ፣ ወደ ቤት ሸዓን ሸለቆ ወይም ወደ ኢየሩሳሌሙ ጣቢያ ውጡ። አያቶች የሚያውቁትን ይንገሩ፣ ልጆች ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ብዛት ይጻፉ። ከ2002 ጀምሮ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ላቦራቶሪ የሚያንቀሳቅሰው ኢበርድ የተባለው መመዝገቢያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ከየትኛውም አገር የተላከ መረጃ ይቀበላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ዘመዶችም ከጣናና ከቢሾፍቱ ያዩትን በዚያው ማስገባት ይችላሉ። የሽመላው ማለፊያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይቆያል።