የኮሶን አበባ የሣለ እጅ

ሠዓሊ ሁለት ነገር ይሰጠናል፤ አንደኛው የተመለከተው ነገር መልክ ነው፤ ሁለተኛው በመመልከት ያሳለፈው ድካም ነው። መልኩ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ድካሙ ግን ስሙን የሚያነሣለት ካላገኘ አብሮት ይቀበራል። ይህን ያሳሰበን አንድ የቆየ የኮሶ አበባ ሥዕል ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ሲደርስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ባሉጋኒ ጎንደርን አየ፤ በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ ተጓዘ፤ ኮሶውንና እንሰቱንም ሣለ። ፎቶግራፍ ባልነበረበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሥዕል ለሳይንስ ምስክር ነበረ፤ የተቀጠፈ አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋልና ሠዓሊው ሳይጠወልግ ሊቀድመው ይገባ ነበር።

ባሉጋኒ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ሥዕሎቹን ይዞ ገባ፤ በ1790 በአምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትምም የባሉጋኒን ድርሻ ሸፍኖ ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ኮሶን ለእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ «ባንክሲያ» አለው፤ ኋላም በጀርመናዊው ሀገን ስም «ሀገኒያ» ተባለ። የተቅማጥ መድኃኒት የሆነው ዋጊኖስ ደግሞ በራሱ በብሩስ ስም «ብሩሲያ» ተብሎ ተጠራ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የሠዓሊው ስም የለም፤ መድኃኒትነቱን ያወቀው ባላገርም የለም።

እኛ ኮሶን ያወቅነው በመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነት ምላሳችን ነው፤ የጠጣው ሰው ምሬቱን አይረሳም። እናቶቻችን ቀላ ያለውን የሴቴውን አበባ ከወንዴው ለይተው ይመርጡ ነበር። ማን አስተማራችሁ ቢባሉም «እናቴ ናት» ይሉ ነበር እንጂ ዕውቀቱን የራሳቸው አያደርጉትም ነበር።

ነገሩ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ ቢሆን ባላነሣነው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን ብዙ ዓመት ሙሉ እያመሹ ጥናት ያዘጋጁ ነበር፤ ጥናቱም በሌላ ሰው ስም ይወጣ ነበር። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በትጋት አገልግለዋል» ከማለት በቀር አንድም ሥራ በስማቸው ሊጠራ አልቻለም። ልጃቸው ራሱን ደፍቶ ይሰማ ነበር።

የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 በመጽሐፍ ሲታተሙ ስሙ በርእሱ ላይ ሰፈረ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ መሆኑ ነው። በዚህም ብሩስ ተጓዥነቱን አላጣም፤ የጎደለበት ያልሠራውን ሠራሁ ማለቱ ብቻ ነው።

አለቃ በወረቀት ላይ መፈረሙ የሥራ ሥርዐት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ያዘጋጀውን ሰው ስም ለመጻፍ አንዲት መስመር ትበቃለች፤ እርስዋም ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ብትጻፍ ይሻላል።