አግዳሚው ላይ እኩል እንስቅ ነበር



እኛ መተማ ዮሐንስ ያደግን ልጆች ፊልም የለመድነው ቪዲዮ ቤት፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው። የቻርሊ ቻፕሊን ድምፅ አልባ አጫጭር ኮሜዲዎች አስተርጓሚ አይፈልጉም። ከጋላባት የተሻገረው ሱዳናዊ ሹፌር፣ የጉሙዝ ልጅ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም እኩል ይስቃል።

ካምፓስ ከገባን በኋላ አንድ ወንድማችን የዚያኑ ዘመን ሌላ ኮሜዲ በላፕቶፑ አሳየን። ሃል ሮች እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረው «አወር ጋንግ» ይባላል፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ቡድን ታሪክ ነው። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በሕግ በተከለከሉበት ዘመን፣ በዚህ ፊልም ላይ አብረው ይጫወታሉ፤ አብረው ያጠፋሉ። ኧርኒ ሞሪሰንና አለን ሆስኪንስ የሚባሉት ጥቁር ልጆች ከዋናዎቹ ተዋንያን መካከል ነበሩ። ደስ አለን።

ደጋግመን ስናየው ግን ደስታችን ቀዘቀዘ። «ፋሪና» ሆኖ የሚጫወተው ሆስኪንስ ወንድ ልጅ ሆኖ ሳለ ፀጉሩ ተሸርቦ በሪባን ታስሮ ይቀርባል። ጥቁሩ ልጅ በፍርሃት ዓይኑን ሲያፈጥ ተመልካቹ እንዲስቅ ይጠበቃል። ልጆቹ ጎበዝ ተዋንያን ናቸው፤ ቡድኑም ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ቀልዱን የሚጽፉት ግን ሌሎች ነበሩ።

ይህን እየተቸን ሳለ ያለፈው የዒድ ድራማችን ትዝ አለን። ከመካከላችን አንዱ ጀለቢያ ለብሶ፣ አማርኛ እየሰባበረ፣ ሚዛን ማንበብ የማያውቅ የቆላ ሰው ሆኖ ተጫውቶ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አነጋገሩን ያስተማርነው እኛው የመተማ ልጆች ነን። በሚያዝያ 2015 የተጀመረውን ጦርነት ሸሽተው በከተማችን ከገቡት ሱዳናውያን አነጋገርም ጨምረንበታል።

በዚያ ምሽት አንድ የጉሙዝ ወንድማችን አብሮን ስቋል። ከዒሻ በኋላ ግን ለብቻችን ጠራንና፣ «አባቴ ጀለቢያ ለብሶ ሰሊጥ ሲመዝን አይታችሁታል። አንድ ቀን ተሳስቶ ያውቃል?» አለን። መልስ አልነበረንም። የአል-ሑጁራት ምዕራፍ 11ኛ አንቀጽ በሌላው ሕዝብ ላይ መሳለቅን እንደሚከለክል በደርስ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ድራማን የሚመለከት ግን አልመሰለንም ነበር።

ዐፍው ጠየቅነው፤ ዐፍውም አለን። አሁን ለመጪው ዒድ ድራማ እየጻፍን ነው፤ እሱም አብሮን ይጽፋል። የቆላው ሰው በዚህኛውም አለ፤ በዚህኛውም ያስቃል። ግን ሚዛኑን የያዘው እሱ ነው፤ የሚያጭበረብረውን የከተማ ነጋዴ ጉድ የሚያወጣውም እሱ ነው። ኢንሻአላህ ኑና አብረን እንሳቅ። ይህን ጽሑፍም ከእናንተ በፊት ያነበበው እሱ ነው።