መዝገብ የሌለው ኡኡታ

ኮላ ድባ ሰው የሚጠፋበት ተራራ የላትም። ያለችበት ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ገደል ያማረው ወደ ደባርቅ ይሂድ፤ እዚያ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ለቱሪስቱ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመድብለታል። እኛ ጋ ሰው የሚሰውረው ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ የመገጭና የድርማ ወንዞች ከደጋው የለቃቀሙትን ሁሉ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፤ ጣና ደግሞ ነፋስ ከተነሣበት የደንገል ታንኳ አይምርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ጎርፉ ደምቢያንና ፎገራን ሲያጥለቀልቅ መንደርና ሐይቅ የቱ ጋ እንደሚለያዩ ጠፍቶ ነበር።

ከብት ሊያሻግር የሄደ እረኛ ሳይመለስ ሲመሽ የሚሆነው ይታወቃል። እናቲቱ ኡኡ ትላለች። የሰማው ጎረቤት ይቀበላታል፤ ድምፁ ከመንደር መንደር ይሻገራል። ወንዱ ዱላና ባትሪውን ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዱም ጠመንጃውን። (ጠመንጃው ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄ አላውቅም፤ ምናልባት ወንዙን ለማስፈራራት ይሆናል።) አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ ብሎ የሚያሰማራ የለም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሮጣል፤ በሌላው ወገን የሚሄደው ከተሰብሳቢው ጋር የተኳረፈው ብቻ ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም በእሱ በኩል ነው።

ፈረንጆቹ ይህን የጠፋ ሰው ፍለጋ በማኅበር የጀመሩበትን ምክንያት ከነቀኑ ያውቁታል። የካቲት 30 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ድል ልክ በሳምንቱ፣ ከቬየና ብዙም በማይርቀው የራክስ ተራራ ላይ የበረዶ ናዳ ሦስት ተራራ ወጪዎችን ገደለ። የከተማዋ የተራራ ክለቦች በዚያው ዓመት ተሰብስበው የነፍስ አድን ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ የሲያትል ተራራ ወጪዎች የራሳቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የቬየናዎቹ ናዳ በወረደበት ሰሞን የኛዎቹም ተራራ ላይ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነበር።

ወደ ኋላ ከሄድንማ መነኮሳቱ ይቀድማሉ። በስዊዘርላንድና በጣልያን መካከል ባለው በቅዱስ በርናርድ በር ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንገደኛ ሲያስጠጉ ኖረው፣ በኋላ ውሻ አሠልጥነው በበረዶ የተዋጠውን ይፈልጉ ጀመር። ባሪ የተባለው ውሻ ከ40 ሰው በላይ አድኗል ተብሎ፣ ቆዳው ተሞልቶ እስከ ዛሬ በርን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

እኛም አነፍናፊ ነበረን፤ የኛው ግን ልጅ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለው ይህ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ ይክፈል። ይህ ካልሆነ አፈርሳታ ነበረ፦ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም፣ የቀረም ይቀጣል። ለተሰረቀ በሬ ይህ ሁሉ ሥርዓት ነበረ። ለጠፋ ልጅ ኡኡታ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣልያን ገባና በጎ ፈቃደኞቹ ጦር ሜዳ ቁስለኛ ሲያነሡ ተገኙ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ የተወውን እቀጣለሁ ይላል፤ ረጂው ራሱን ለአደጋ የማያጋልጥ ከሆነ ነው ታዲያ። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጥ ሰው አላነበባትም።

ሰውየው ከሞተ በኋላማ ማን ይችለናል! ዕድሩ መዝገብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ከፍለጋ የቀረ ምንም አይባልም፤ ተፈላጊው በሕይወት እስካለ ድረስ ጉዳዩ ዕድሩን አይመለከትም።

ቀልዱ የሚያበቃው ጎፋ ላይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ የተጫናቸውን ጎረቤቶች ለማውጣት ሰዉ በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር፣ ተራራው ዳግመኛ ተናደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ፤ መምህራንና የጤና ሠራተኞችም ነበሩባቸው። የነፍስ አድን ማኅበር ጥቅሙ ርኅራኄ አይመስለኝም፤ እሱማ ኮላ ድባም ሞልቷል። «ቁም!» የሚል ሰው መኖሩ ነው፦ ከላይ ያለውን ቁልቁለት የሚያይ፣ አሥር ሰው ይግባ ሌላው ይቆይ የሚል፣ የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ኡኡታ መሐል ቢነሣ ፈሪ ተብሎ፣ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ስለዚህ ይህን የሚል ሰው አስቀድሞ፣ በደህና ቀን፣ በጉባኤ መመረጥ አለበት። ዳኛ መርጦ ማክበር የሚያውቅ ደግሞ ዕድር ነው።

ይህንኑ ይዤ አንድ የዕድር ዳኛ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ ዕድሩ ከድንኳኑ ጋር ረዘም ያለ ገመድ ቢገዛስ? ክረምት መገጭ ሲሞላ…»

«ገመድማ አለን» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «ሣጥን የምናወርድበት።»

«ስንት ሜትር ይሆናል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ለጉድጓዱ አንሶ አያውቅም።»