የሁለተኛ ልጅ ሚዛን

ለአንድ ቤት የመጀመሪያ ልጅ በተወለደ ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ዐይንና ጆሮ ሆኖ ይከርማል። ሕፃኑ ቢያስነጥስ ድንጋጤ ነው፤ ቢተኛ ትንፋሹ ይደመጣል፤ ቢያለቅስ ሁለትና ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ይነሣል። ሁለተኛው ልጅ በመጣ ጊዜ ግን ወላጆቹ ያንን መንገድ አንድ ጊዜ ሄደውበታልና ልባቸው ያርፋል። ይህ ዕረፍት የሚናቅ ስጦታ አይደለም፤ የእናቲቱን እንቅልፍ ይመልሳል፤ የአባትየውንም ጭንቀት ያቀላል። ነገር ግን ከዕረፍቱ ጋራ ሌላ ነገር ተደባልቆ ይገባል፤ ይኸውም ሁለተኛውን ልጅ በገዛ መልኩ ማየት ትቶ በመጀመሪያው ልጅ ላይ ደርቦ ማየት ነው። ታላቁ በዚህ ወር እንዲህ ነበረ፣ ታናሹ ግን ገና ነው ማለት በየቤቱ የሚሰማ ቃል ነው።

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በ2008 ዓ.ም. ወንድ ልጅ በወለደ ጊዜ የሕፃኑን ክብደት በአንድ ደብተር እየጻፈ ያኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቍጥር ጋራ የሚውል ሰው ፍቅሩንም በቍጥር ቢገልጥ አያስደንቅም። ልጁ ሲወለድ 3,500 ግራም፣ በ45 ቀኑ 5,200፣ በሁለት ወር ተኩል 6,200፣ በሦስት ወር ተኩል 6,900 ግራም መዘነ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሴት ልጅ በተወለደች ጊዜ አባትየው ያንኑ ደብተር ከሣጥን አውጥቶ፣ ከወንድሟ ዐምድ ቀጥሎ ለርሷም ዐምድ አሰመረላትና በመጀመሪያው መሥመር 3,100 ብሎ ጻፈ። ሚስቱ ከተኛችበት ቀና ብላ አየችና፣ «ገና ሳምንት ሳይሞላት ከወንድሟ ጋራ እሽቅድድም አስገባሃት?» አለችው። ነገሩ በሣቅ ታለፈ።

በአራተኛው ቀን ሕፃኒቱ 2,900 ግራም ሆነች። ታላቁ ልጅ እንዲህ በቀነሰ ጊዜ ቤቱ ተሸብሮ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም ወላጆች ነገሩን ዐውቀውታልና አልታወኩም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከሰውነቱ ውሃ ስለሚወጣ፣ የእናቱም ወተት ገና ስላልሞላ፣ ከክብደቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ቅነሳው ከዐሥር አንድ እጅ ካላለፈና በሁለት ሳምንት ገደማ ከተመለሰ የሚያስፈራ አይደለም። ይህችም በ12ኛው ቀን 3,150 ግራም መዘነች። የሁለተኛ ልጅ ወላጅ መሆን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ ከመንዝ የመጡት አያት ግን ደብተሩን ከቶ አልወደዱትም። በአገሩ ልማድ እንግዳ የሰባ ሕፃን ቢያይ «እደግ ተመንደግ» ብሎ ያልፋል እንጂ ስለ ውፍረቱ አይናገርም፤ ዐይን ይፈራል። ስለዚህ እኒህ እናት አማቻቸውን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሰው እንደ እህል አይሰፈርም። ዳዊት ሕዝቡን ቢቈጥር ምን እንደ መጣበት አንተም ታውቀዋለህ» አሉት። እርሱም በአክብሮት፣ «እማማ፣ የሳሙኤል እናት ሐናስ በየዓመቱ ቀሚስ ሰፍታ ትወስድለት አልነበረምን? ልኩን ሳታውቅ እንዴት ትሰፋ ነበር?» ብሎ መለሰ። አያቲቱ ጥቂት አስበው፣ «ሐና ቀሚስ ሰፋች፤ በዳዊት ጊዜ ግን ቈጠራ ተደረገ። አንተ የትኛውን እየሠራህ እንደ ሆነ ልብህ ያውቀዋል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

በ45ኛው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ በወሰዷት ጊዜ 4,500 ግራም ሆነች። አባትየው ወንድሟ በዚያ ዕድሜ 5,200 እንደ ነበረ ደብተሩን ገልጦ ለነርሲቱ አሳያቸው። እርሳቸውም ደብተሩን በትሕትና መልሰው ካርዱን አነሡና የወንድና የሴት መለኪያ ልዩ ልዩ መሆኑን አስረዱት። በእውነትም በሦስት ወር ዕድሜ የወንዶች መካከለኛ ክብደት 6.4 ኪሎ ሲሆን የሴቶቹ 5.8 ኪሎ ነው። እነዚህን መለኪያዎች የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሲሆን፣ የተገኙትም በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ልጆችን በመመዘንና በመለካት ነው። ከዚያ በፊት በብዙ አገር ይሠራበት የነበረው መለኪያ በአብዛኛው የጣሳ ወተት ከጠጡ የአሜሪካ ሕፃናት የተወሰደ ስለ ነበረ፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት እናት በከንቱ እንደ ተጨነቀች አንባቢ ይገምት።

ልጅን እየለኩ መጻፍስ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ሞንቤያር የተባለ ከመኳንንት ወገን የሆነ ፈረንሳዊ ከ1759 እስከ 1777 እ.ኤ.አ. ድረስ የገዛ ልጁን ቁመት በየስድስት ወሩ ያህል እየለካ ጻፈ፤ ወዳጁ ቡፎንም ስለ ተፈጥሮ በደረሰው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አሳተመለት። የልጅ ዕድገትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን መዝገብ እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል፤ ዋጋውም አንድን ልጅ ከራሱ ትናንት ጋራ በማስተያየቱ ነው። ነርሲቱ ስለ ሞንቤያር አልተናገሩም፤ የተናገሩት ነገር ግን ይኸው ነበረ። ሕፃኒቱ ከመካከለኛው መሥመር ጥቂት ዝቅ ብትልም በጀመረችው መንገድ እስከ ሄደች ድረስ ደኅና ናት አሉ።

በሁለት ወር ተኩልም 5,200 ግራም መዘነች፤ መንገዷንም አልለቀቀችም። ጥቂት ቀን ቈይቶ 80 ቀኗ ሞላና ክርስትና ተነሣች። ድግሱ ካለፈ በኋላ አያቲቱ የገብስ አጨዳ ስለ ደረሰባቸው ወደ መንዝ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ የነበረው የሥራ እጅ ጐደለ፤ ቀን ቀን ደግሞ አባትየው መሥሪያ ቤት ይውላልና እናቲቱ ከሁለት ልጆች ጋራ ብቻዋን ሆነች።

ታላቁ ልጅ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ነው። እናቱ ታናሺቱን ለማጥባት በተቀመጠች ቍጥር ውሃ ይጠማዋል፤ ወይም ይወድቃል፤ ወይም የቀረበለትን ሽሮ ይገለብጣል። ሕፃኒቱ ግን ዝምተኛ ነበረች። ጡቱን ሳትጠግብ ብትነጠቅ ጥቂት ተነጫንጫ ትተዋለች፤ በእናቷ ጀርባ ከታዘለች ሦስትና አራት ሰዓት ትተኛለች። የታኅሣሥ ውርጭ ስለ ነበረም ሙቀቱ ተስማምቷት ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ «ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት፤ እናቷን አላስቸገረች» ይል ነበር። ከጩኸታም ወንድም በኋላ ዝምተኛ እኅት በመጣች ጊዜ እናቲቱ እግዚአብሔር እንዳዘነላት ብታስብ ማን ይፈርድባታል?

በሦስት ወር ተኩል ግን ሚዛኑ 5,350 ግራም አለ። በአንድ ወር ውስጥ የጨመረችው 150 ግራም ብቻ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ሕፃን በወር 600 ግራም ያህል ትጨምራለች። ነርሲቱ ሚዛኑን አስተካክለው ደግመው ቢመዝኗት ያው ሆነ። ወረፋው እስኪያልቅ ድረስ ወላጆቹ እንዲጠብቁ አዘዙ። አባትየው ግን መጠበቅ አልቻለም፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሱቅ ገባና አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት ገዝቶ ተመለሰ። በጠረጴዛው ላይ ባስቀመጠው ጊዜ ነርሲቱ አዩት፤ ነገር ግን ምንም አልተናገሩም።

በመጀመሪያ፣ «ትኵሳት ነበራት? ተቅማጥስ? ታስመልሳለች? በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች?» ብለው ጠየቁ። እናቲቱ በሽታ እንዳልነበረባት ተናገረች፤ ሽንቷን ግን እንደ ቀድሞው እንዳልቈጠረችው ዐስባ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ነርሲቱ፣ «እስቲ እዚሁ አጥቢያት፣ እኅቴ» አሉ። ማጥባት በጀመረች በጥቂት ደቂቃ ታላቁ ልጅ ቀሚሷን ጐተተ፤ እናቲቱም ሳይታወቃት ሕፃኒቱን ከጡቷ ነጥላ ወደርሱ ዞረች። ሕፃኒቱ አላለቀሰችም። ዐይኗን ጨፈነች። ነርሲቱ ወደ አባትየው ተመልክተው፣ «አየህ?» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ጡት ሲጀምር የሚያገኘው ወተት ቀጠን ያለ ነው፤ ቅባት የበዛበት ወደ መጨረሻው ይመጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚነጠቅ ልጅ የሚያሰባውን ሳያገኝ ይቀራል። ደግሞም ወተት የሚመነጨው በተጠባው መጠን ስለ ሆነ፣ ያልተጠባ ጡት ሥራውን ይቀንሳል። በጣሳ ወተት የጠገበች ሕፃን የእናቷን ጡት እየተወች ትሄዳለች፤ ጡቱም ይነጥፋል፤ እንግዲህ መድኀኒት የመሰለው ነገር ችግሩን ያጸናዋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ሁልጊዜ በጩኸት አለመናገሩ ነው፤ ኀይሉ ሲያንስ ይተኛል፤ ዝም ይላል። ጎረቤት ሁሉ ያመሰገነው ጸጥታ ይህ ነበር። ነርሲቱ ይህን በቀስታ ባስረዱ ጊዜ የእናቲቱ ዕንባ ወረደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ብዙ መንገድ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ከደጃቸው ሲደርሱ እናቲቱ ቆም ብላ፣ «ደብተርህ የመዘነው እርሷን አይደለም፤ እኔን ነው» አለችው። አባትየው የሚመልሰው አጣ። ንግግሯ የደከመ ልብ ንግግር ነበረ፤ ቢሆንም ግማሹ እውነት ነው። ሚዛኑ የመዘነው እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ሁሉ ነበረና፣ ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባው ሰውም ከዚያ 150 ግራም ውስጥ ድርሻ ነበረው። በሒሳብ ሥራ አንድ ድምር ጐድሎ ሲገኝ የሚመረመረው የመጨረሻው መሥመር ብቻ እንዳይደለ ከርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሌሊት የሁለቱ ልጆች ዐምድ ያለበትን ገጽ ትቶ ለሕፃኒቱ ብቻ አዲስ ገጽ ከፈተ። የቤቱም ሥርዐት ተለወጠ። አባትየው ማለዳ ከሥራ በፊት ታላቁን ልጅ አንሥቶ ያጥበዋል፤ ዳቦ ለመግዛትም ይዞት ይወጣል፤ በምሳ ሰዓት እቤቱ ይመጣል፤ ከሥራ ከገባ በኋላ ልጁ የርሱ ነው። በመካከሉ ላለው ጊዜ አንዲት ጎረቤት ልጁን ከልጆቻቸው ጋራ ያውሉት ጀመር። የሥራ ባልደረቦቹ «ሞግዚት ሆንክ» እያሉ ሣቁበት፤ ሣቁም ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ሰለቻቸው። እናቲቱ ሕፃኒቱን በቀንና በሌሊት ከስምንት ጊዜ ያላነሰ፣ ተኝታ እንኳ ብትሆን ከጀርባዋ አውርዳና ቀስቅሳ፣ እስክትተወው ድረስ ማጥባት ያዘች። ለታላቁም ልጅ በዚያ ሰዓት እቤት ከተገኘ የእኅቱን የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ የመያዝ ሹመት ተሰጠው፤ ሹመቱንም በጣም አከበረ። የወተቱ ጣሳ ሳይከፈት በመደርደሪያው ላይ ቀረ።

ሁለት ሳምንት ቈይቶ ሕፃኒቱ 5,700 ግራም፣ አራት ሳምንት ቈይቶ 6,050 ግራም መዘነች። ነገር ግን ወላጆቹ ለውጡን ያወቁት ከሚዛኑ በፊት ነው። በአንድ ሌሊት፣ ጎረቤት እስኪነቃ ድረስ፣ ሕፃኒቱ አምርራ ጮኸች። ባልና ሚስት በጨለማ ተነሥተው ተቀመጡ። እናቲቱ ጡቷን እያቀረበችላት ሣቀች፤ ከክርስትናው ወዲህ እንዲህ ስትሥቅ ባልዋ አልሰማም ነበር።

ስድስት ወር በሞላት ጊዜ 7 ኪሎ ሆነች። ወንድሟ በዚያ ዕድሜ 8,300 ግራም ነበረ፤ ይህ ግን በአሮጌው ገጽ ላይ ተጽፎ ቀረ። ከጡት ጋራ ምግብ የምትጀምርበት ጊዜ ስለ ደረሰ አያቲቱ የገብስ ዱቄት ለመንገደኛ ሰጥተው ከመንዝ ላኩ። ዱቄቱ ሁለት ጊዜ ተነፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ነበር። መንገደኛውም ዕቃውን አስረክቦ ከተሰናበተ በኋላ ከደጅ ተመለሰና፣ የረሳው መልእክት እንዳለ ተናገረ፤ አያቲቱ ሕፃኒቱ ስንት ኪሎ እንደ ደረሰች ጠይቆ እንዲመጣ አጥብቀው አዝዘውታል።